እህቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ የቤታችንን ቁልፍ ለሌባ አስረከብኩ

ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከገርጂ ወደ መገናኛ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተሸጉጬ። ረዳቱ «ሒሳብ! ሒሳብ!» እያለ ትከሻዬን ይነካካል፣ እኔ ግን ዓይኔ ስልኬ ላይ ተተክሏል። ኢሜይል ገብቷል። ርዕሱ «አስቸኳይ» ይላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አድሰን፣ አልጋና ምድጃ አሟልተን፣ በኦንላይን ለእንግዳ ማከራየት ከጀመርን ሦስት ዓመት አልፎናል። አብዛኞቹ እንግዶቻችን ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግና ለተዝካር ከውጭ የሚመጡ ያገራችን ልጆች ናቸው። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒትና የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ከዚያች ሰርቪስ ነው የሚወጣው። አካውንቱ የተከፈተው ሲልቨር ስፕሪንግ በምትኖረው እህቴ ስም ነው፤ ዶላሩ እሷ ባንክ ይገባል፣ እሷ ትልክልናለች። እንግዳ የምቀበለው፣ መልእክት የምመልሰው፣ አንሶላ የምቀይረው ደግሞ እኔ ነኝ። ፓስወርዱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የድረ ገጹን ስም አልጠራም፤ የደረሰብን ነገር በየትኛውም ሊደርስ ይችላል።

ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ በቅርቡ ያረፉ እንግዳዎ አልጋው ላይ ትኋን አግኝቻለሁ ብለው ፎቶ አያይዘው ከሰዋል። ፎቶውን አይተው በ24 ሰዓት ውስጥ ምላሽ ካልሰጡ ቤትዎ ከድረ ገጹ ይወርዳል። ከሥሩ ሰማያዊ ቁልፍ አለ፦ «ቅሬታውን ይመልከቱ»።

ትኋን! እናቴ ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ የምታወጣ ሴት ናት። ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት እውነትም አንድ እንግዳ ወጥቶ ነበር። ፊቴ ጋለ። ማን ላከው፣ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ነካሁት።

የተከፈተው ገጽ የማውቀው ገጽ ነው። ቀለሙ ያው፣ ምልክቱ ያው። ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ቀጥሎ «ወደ ስልክዎ የላክነውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ያስገቡ» አለኝ። ኮዱ የሚሄደው እህቴ ጋ ነው። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በቴሌግራም ደወልኩላት።

«ምን ሆነሃል? እማዬ ደህና ናት?» አለች ገና ስታነሳው። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት የሚደወል ስልክ መርዶ ነው የሚመስላቸው።

«ደህና ናት፣ ደህና ናት። ኮድ መጥቶልሻል፣ ንገሪኝ ብቻ። አስቸኳይ ነው።»

ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ከቁጥሩ ሥር «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» የሚል ጽሑፍ እንደነበር ያየነው ኋላ ነው። ለማንም ሲባል ወንድምን ይጨምራል ብሎ ማን ያስባል?

ገጹ «እናመሰግናለን፣ ጉዳዩን እናጣራለን» ብሎኝ ወደ እውነተኛው ድረ ገጽ መለሰኝ። እፎይ አልኩ። መገናኛ ደረስን፣ ወረድኩ፣ ረሳሁት።

እማማ በር ላይ

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ አንዲት እናት ሻንጣቸውን ይዘው ከቦሌ መጡ። ለወንድማቸው ተዝካር ነው የመጡት። ቦታውን የያዙት ከወር በፊት ነው። ሻንጣቸውን ተቀብዬ፣ እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ስታያይዝ፣ ሴትየዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንዲህ አሉኝ፦

«እንኳን ያ የካርዱ ነገር ተፈታ ልጄ። ሁለተኛ መክፈል አስፈርቶኝ ነበር እኮ።»

«የምን ካርድ እማማ?»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። በእኛ ቤት ስም፣ በእኛ ፎቶ፣ በእኔ ስም ተፈርሞ፣ እኛ ሁልጊዜ የምንነጋገርበት የመልእክት ሳጥን ውስጥ፦ «ካርድዎ አልሠራም። በ12 ሰዓት ውስጥ በዚህ ሊንክ ካላረጋገጡ ቦታዎ ይሰረዛል። ገንዘቡ በኋላ ይመለስልዎታል።» 640 ዶላር ከፍለዋል። አንድ ጊዜ ለድረ ገጹ፣ አንድ ጊዜ ለሌባው።

እውነቱን ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «አንተ ነህ ብዬ ነው እኮ የከፈልኩት» አሉ። ቁጣ የለበትም፣ እንዲሁ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ነው ያሉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በእኔ ስስ ጎን ገብቶ፣ በእኔ ስም የሳቸውን ኪስ ዳበሰ። ምን አለፋችሁ፣ አካውንቴን ከፍቼ የደበቀብኝን ሁሉ ፈለግኩ። የጻፈላቸውን መልእክት እንዳላየው ወደ ማህደር ወስዶታል። የገንዘብ መቀበያው የባንክ ቁጥር ተቀይሯል። «የክፍያ መረጃዎ ተለውጧል» የሚል ኢሜይል ከአራት ቀን በፊት ገብቶ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ እህቴም አይታዋለች። እኔ እሷ የቀየረችው መስሎኝ ዝም አልኩ። እሷም እኔ መስያት ዝም አለች። ሁለት ሰው የያዘው ቁልፍ ሲጠፋ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያስብና ማንም አይፈልገውም።

የ24 ሰዓት ሩጫ

እንደነዚህ ያሉ ድረ ገጾች ለአከራዩ ገንዘቡን ቀድመው አይለቁም። ኤርቢኤንቢን ብንወስድ፣ በአብዛኛው እንግዳው በገባ በ24 ሰዓት ገደማ ነው ክፍያውን የሚልከው። የእማማ ኪራይም ገና አልወጣም ማለት ነው። በቀጣዩ ቀን ጠዋት ግን ወደ ሌባው ባንክ ይሄዳል።

ፓስወርድ ለመቀየር ኮድ ያስፈልጋል። ኮዱ እህቴ ጋ ነው። እዚያ ደግሞ አሁንም ሌሊት ነው። ደወልኩ። ጉዳዩን ገና ሳልጨርስ «አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ሳቄም ዕንባዬም መጣ። «ድሮ የነበረን ውሻ ስሙ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በቪዲዮ ከፈተች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ነው የቀጠልነው።

ፓስወርዱን ቀየርን። «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ነካን። የሌባውን ባንክ አጥፍተን የእሷን መለስን። በአፑ ውስጥ ባለው የእርዳታ ክፍል በኩል ሪፖርት አደረግን። የእማማ ኪራይ ተረፈ። ከሳቸው በፊት የወጣው እንግዳ 410 ዶላር ግን ሄዷል፤ እስከዛሬ አልተመለሰም።

እማማም በዚያው ቁጭ ብለው አሜሪካ ካርዳቸውን ያወጣላቸው ባንክ ጋ ደወሉ። ካርዱ ተዘጋ፣ በክፍያው ላይ አቤቱታ ተመዘገበ። ቡናው እስኪበርድ ድረስ ስልክ ላይ ነበሩ።

ለምን የእኛ ሰርቪስ?

«ሁለት ክፍል ሰርቪስ ምን አላት?» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሌባው የፈለገው ቤቱን ሳይሆን እንግዶቹ በቤቱ ላይ ያላቸውን እምነት ነው። የአከራይ አካውንት ውስጥ ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ስሙና የመልእክት ሳጥኑ አለ። ከማይታወቅ ቁጥር «ክፈል» የሚል መልእክት ቢመጣ ማንም አይከፍልም። ካረፈበት ቤት ባለቤት፣ በትክክለኛው የመልእክት ሳጥን፣ በትክክለኛው ቀን ሲመጣ ግን ይከፍላል።

በሌላም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። የእንግሊዝ የማጭበርበር ሪፖርት ተቀባይ የነበረው አክሽን ፍሮድ ከሰኔ 2023 እስከ መስከረም 2024 (በፈረንጆቹ) ከቡኪንግ ዶት ኮም ጋር በተያያዘ 532 አቤቱታ እንደደረሰውና ሰዎች በድምሩ 370 ሺህ ፓውንድ እንዳጡ አስታውቆ ነበር። መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ በፊሺንግ የሆቴሉን አካውንት ይይዛሉ፣ ከዚያ በሆቴሉ ስም ለእንግዳው ይጽፋሉ።

በላፕቶፕ ለምትሠሩ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2025 ይፋ ባደረገው ዘመቻ፣ አጭበርባሪዎቹ በቡኪንግ ዶት ኮም ስም ለሆቴል ሠራተኞች ኢሜይል ይልካሉ። ሊንኩ ሲከፈት «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል የውሸት ገጽ ይመጣል። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አንድ ላይ ተጫን፣ ኮፒ የሆነውን ለጥፍ፣ «ኢንተር» በል ይላል። ይህን ያደረገ ሰው በገዛ እጁ ፓስወርድ የሚሰርቅ ቫይረስ ጫነ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ ኮምፒውተራችሁ ላይ ትዕዛዝ እንድትለጥፉ የሚጠይቅ ጤነኛ ድረ ገጽ የለም።

«ኮድ እያለ እንዴት ገባ?»

ይህን ጥያቄ ጓደኞቼ ሁሉ ጠይቀውኛል። መልሱ ቀላል ነው። የውሸቱ ገጽ መሃል ላይ እንደቆመ ደላላ ነው። እኔ ፓስወርድ ስሰጠው እሱ በዚያው ሰከንድ እውነተኛው ድረ ገጽ ላይ ይጽፈዋል። እውነተኛው ድረ ገጽ ኮድ ሲልክ የላከው ለሌባው ጥያቄ ነው፤ ኮዱ ግን የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። እኛ ለውሸቱ ገጽ ስንሰጠው ጊዜው ሳያልፍበት ያስገባዋል። አንዴ ከገባ በኋላ ድረ ገጹ «ይህን መሣሪያ አውቀዋለሁ» ብሎ ደጋግሞ አይጠይቀውም። ለዚህ ነው ፓስወርድ መቀየር ብቻውን የማይበቃው፤ ከሁሉም መሣሪያ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ሊንክን ማንበብ

እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያለን ያደግን ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ ሌላ። በእንግሊዝኛም ለዓይን አንድ፣ ፊደሉ ሌላ የሆነ አለ። ትንሿ «አር» እና ትንሿ «ኤን» ጎን ለጎን ሲቀመጡ «ኤም» ይመስላሉ። ትንሿ «ኤል» እና ቁጥር 1 ይመሳሰላሉ። የሩሲያ ፊደል ውስጥ ያለችው «አ» ከእንግሊዝኛዋ «ኤ» በዓይን አትለይም። በትንሽ ስክሪን፣ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ እየነካካችሁ ይህን ለመለየት አትሞክሩ።

ሌላው ዘዴ የታወቀውን ስም መጀመሪያ ላይ መለጠፍ ነው። አድራሻው በትክክለኛው ስም ይጀምርና በነጥብ ሌላ ስም ያስከትላል። የድረ ገጹ ባለቤት የሚታወቀው ግን ከመጀመሪያው ነጠላ ስላሽ በፊት፣ መጨረሻ ላይ ካለው ስም ነው። ማንም ሰው በገዛ አጥሩ ላይ «ባንክ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ካርታው ላይ ያለው የማን ስም ነው የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ስልክ ደግሞ ረጅም አድራሻ ሲሆንበት መጨረሻውን ሊቆርጠው ስለሚችል የሚታያችሁ የተለጠፈው ስም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ሕግ አንድ ሆኗል፦ ሊንክ አልነካም። ኢሜይሉ ትኋን ቢል፣ ቦምብ ቢል፣ ስልኬን ዘግቼ አፑን ራሴ እከፍታለሁ። እውነተኛ ቅሬታ ከሆነ እዚያ ይጠብቀኛል። እንግዳ መስሎ በአፑ ውስጥ «ይህን ፎቶ እዩልኝ» ብሎ ሊንክ የሚልክም አለና ለሱም ሕጉ ያው ነው። «24 ሰዓት አለህ» ሲሉኝ ደግሞ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል። መቻኮሉ ራሱ ምልክት ነው።

ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸው ውሻ

እኔ የጮህኩት ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ጩኹ። አሁን የምናደርገው ይህን ነው።

ፓስወርድ አንጋራም። እህቴ የአካውንቱ ባለቤት ናት፣ እኔ ረዳት አስተናጋጅ ሆኜ በራሴ ኢሜይልና በራሴ ስልክ ተመዝግቤያለሁ። ኤርቢኤንቢ ላይ ይህ አሠራር አለ፤ ቡኪንግ ዶት ኮም ላይም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መግቢያ መክፈት ይቻላል። የባንክ ቁጥር መቀየር የምትችለው እሷ ብቻ ናት። የኔ መግቢያ ቢሰረቅ እንኳ ገንዘቡ አይነካም።

ኢሜይላችንን አጥብቀናል። የአካውንቱን ፓስወርድ የሚያድሰው ኢሜይል ስለሆነ ኢሜይል የያዘ ሁሉን ያዘ። ጂሜይላችን ላይ ፓስኪ ከፍተናል። ጉግል ከግንቦት 2023 ጀምሮ ለማንኛውም ሰው የፈቀደው ነገር ነው፤ በጣት አሻራ ወይም በፊት ይከፈታል። ጥሩነቱ፣ ፓስኪ የሚሠራው ለተፈጠረበት አድራሻ ብቻ ነው። የውሸቱ ገጽ ቢመሳሰል ቢመሳሰል አይከፈትለትም፤ በስልክ የሚነበብ ቁጥርም የለውም። የምታከራዩበት ድረ ገጽም ፓስኪ ካለው አትለፉት።

ፓስወርድ የሚያስታውስ አፕ እንጠቀማለን። ገጹ ላይ ስገባ ፓስወርዱን በራሱ ካልሞላልኝ ቆም እላለሁ። እኔ በዓይኔ ብታለልም እሱ አድራሻውን ፊደል በፊደል ነው የሚያየው።

እንግዳ ቦታ ሲይዝ የመጀመሪያው መልእክቴ ይህ ነው፦ «ከድረ ገጹ ውጪ ክፈሉ አንልም፤ ካርድ አረጋግጡ የሚል ሊንክም አንልክም። በእኛ ስም ቢመጣ እንኳ እኛ አይደለንም።» እማማ ይህን ቀድመው ቢያነቡ ኖሮ 640 ዶላራቸው በኪሳቸው ነበር።

«ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ አንጠራጠርም፣ እንደዋወላለን። «አንተ ነህ?» «አንቺ ነሽ?» ነው። አምስት ብር አይፈጅም።

ከተያዛችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ ፍጠኑ። በመጀመሪያ የኢሜይሉን፣ ቀጥሎ የአካውንቱን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ከሁሉም መሣሪያ ውጡ። የባንክ ቁጥሩን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የማታውቁት ረዳት አስተናጋጅ መጨመር አለመጨመሩን እዩ። ኢሜይላችሁ ውስጥ መልእክት ወደ ሌላ ሰው የሚያስተላልፍ ሕግ ተጭኖ እንዳይሆን አረጋግጡ። ከዚያ በመጪዎቹ ቀናት ቦታ ለያዙ እንግዶች ሁሉ ጻፉ። ያፍራል እኮ ሰው፤ ግን እናንተ በዝምታ ባለፋችሁት ሰዓት ሌላ እናት ካርዷን ልታስገባ ነው። መልእክቶቹን ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለፈቃድ አካውንት ውስጥ መግባትም ሆነ በዚህ ማጭበርበር ወንጀል ነው፤ ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ስታመለክቱ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው።

እማማ አሥር ቀን አረፉ። እኔ በኀፍረት ኪራዩን ልመልስልዎት ብላቸው «አልጋው ላይ ተኝቼበታለሁ አይደል?» ብለው እምቢ አሉኝ። ከተመለሱ ከስድስት ሳምንት በኋላ ባንካቸው 640ውን ዶላር እንደመለሰላቸው ጻፉልኝ። ድረ ገጹ ላይ አምስት ኮከብ ሰጥተውናል። ከሥሩ «ቤቱ ንጹሕ ነው። ልጁም እውነት ይናገራል» ብለው ጽፈዋል። ሌሎቹን አስተያየቶች ለእናቴ በቃሌ ነው የምነግራት፤ ይህችን ግን ስልኬን ይዛ ራሷ አነበበቻት።

እህቴ? ዛሬም ሌሊት ስደውልላት «እማዬ ደህና ናት?» ነው መጀመሪያ የምትለው። ቀጥሎ ግን «ኮድ ከሆነ ፊትህን አሳየኝ» ትላለች። አሳያታለሁ።